በለቅሶ ቤት የመጣ ባለገንዘብ

ሰው በሞተ ጊዜ ወዳጅና ዘመድ፣ ጎረቤትና የዕድር አባል ሁሉ ወደ ኀዘንተኛው ቤት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ከእነዚሁ ጋር ግን አንድ ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ እርሱም ባለገንዘቡ ነው። አጽናኙ ተራ በተራ ወደ ቤቱ ሲመለስ እርሱ ይቈያል፤ ድንኳኑ ሲነቀል እርሱ ገና መናገር ይጀምራል። ስለዚህ እንግዳ በአደባባይ ብዙ ሲነገር አልሰማሁም፤ የሟችን ስም ያጎድፋል ተብሎ ስለሚታፈር ይመስለኛል። እኔ ግን በ2011 ዓ.ም. የአጎቴን ውርስ እንዳጣራ በቤተ ሰቡ ተመርጬ ስለ ነበር፣ በዚያ ጊዜ ያየሁትንና የተማርሁትን ብጽፈው ነገ ይህን የመሰለ ነገር ለሚገጥመው ቤት ይጠቅም ይሆናል በማለት ብዕሬን አነሣሁ።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ጥንቁቆች ነበሩ ለማለት እደፍራለሁ። ሕመሙ የጸናበት ሰው የንስሐ አባቱን አስጠርቶ፣ ሽማግሌዎችም በተቀመጡበት ሲናዘዝ፣ ከርስቱና ከከብቱ ክፍፍል ጋር ያበደረውንና የተበደረውን በስም በስሙ ይቈጥር ነበር። ልጆቹም ከዚያ ቃል ውጪ የሚመጣውን ጠያቂ «በኑዛዜው ላይ አልተነሣህም» ብለው ማስረጃ ይጠይቁታል፤ በኑዛዜው የተጠራውን ግን ሳይመጣ ፈልገው ይከፍሉታል። ዛሬ ሞት በመኪና መንገድ ላይም በሐኪም ቤት አልጋም ላይ በድንገት ስለሚመጣ፣ ብዙ ሰው ይህን ቃል ሳይናገር ያልፋል።

አጎቴም እንደዚሁ ሆኑ። በመርካቶ እህል በረንዳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጤፍና ስንዴ የሸጡ፣ በሚዛናቸው የማይታሙ ሰው ነበሩ። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ማለዳ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲወጡ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፉ። ኑዛዜ አልነበረም። የቀረው ነገር ቢኖር ከሚዛኑ አጠገብ በምስማር ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ጠርዙ በዱቄት የነጣ አንድ ደብተር ነው። ስለዚህ ደብተር ኋላ እመለስበታለሁ።

በሠልስቱ ዕለት ማታ ለቀስተኛው ሲሳሳ አንድ በዚያው ገበያ የሚነግድ ሰው ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ፊት ተቀምጦ ጥቂት ካለቀሰ በኋላ ከካፖርቱ ኪስ ሁለት ወረቀት አወጣ። አንደኛው አጎቴ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. 180,000 ብር ተበድረው የፈረሙበት የብድር ውል ነው የተባለ ፎቶ ኮፒ ነበር። ሁለተኛው ገና ያልተፈረመ አዲስ ጽሑፍ ሲሆን፣ እትዬ 180,000 ብር መበደራቸውን አምነው በሦስት ወር ውስጥ ሊከፍሉ፣ ባይከፍሉም የሚኖሩበትን ቤት ሊያስረክቡ የሚያስገድድ ነው። ሰውዬውም በለሰለሰ ድምፅ «እትዬ፣ እኔስ ስለ ገንዘቡ ተቸግሬ አይደለም፤ የርሳቸው ነፍስ በዕዳ ተይዛ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» አላቸው።

ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ የኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ለሟቹ ነፍስ ያስቀድሳል፤ ፍትሐት ያስደርጋል፤ ከሌለው ላይ ቈርሶ ለነዳያን ያበላል። እንግዲህ «የባልሽ ነፍስ በአንቺ ፊርማ ታርፋለች» የተባለች ባልቴት፣ ያውም ሦስት ቀን እህል በቅጡ ያልቀመሰች፣ ብዕሩን ብትቀበል ማን ይፈርድባታል? እትዬም እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የአጎቴ የንስሐ አባት በማዕዘኑ በኩል ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበርና ቀና ብለው፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጄ፣ ነፍሳቸውን ለእኛ ተውልን፤ አንተ የወረቀትህን ዋናውን አምጣ» አሉት። እኔም ወረቀቱን ከእትዬ ጕልበት ላይ አንሥቼ፣ ከአርባው በፊት በዚህ ቤት ውስጥ ማንም በምንም ላይ እንደማይፈርም ነገርሁት። ሰውዬው እየፎከረ ወጣ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ማታ ያ ፊርማ ቢፈረም ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማወቅ ይገባል። የሟች ዕዳና የባልቴቲቱ ዕዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ስለ ውርስ የሚናገረው ክፍሉ እስከ ዛሬ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሟቹን ሀብት ለብቻው እንደ ቆመ ንብረት ይቈጥረዋል፤ ዕዳውም የሚከፈለው ከዚያ ነው። ያ ሀብት ባይበቃ ባለገንዘቡ የወራሹን የራሱን ላብ፣ ደመወዙንና አስቀድሞ ያፈራውን ንብረት ለመንካት መብት የለውም። በአዲስ ወረቀት ላይ «እኔ ተበድሬአለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ግን ይህን ሁሉ ጥበቃ በገዛ እጁ ያፈርሳል፤ የሟቹ ዕዳ ያን ጊዜ የርሱ የራሱ ዕዳ ይሆናል። ባለገንዘቡ በአርባው ሳይሆን በሠልስቱ የሚመጣበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ለእኛ ብቻ ያደላ እንዳይመስል የሚከተለውንም መናገር አለብኝ። አንዳንድ ዘመዶቻችን «እትዬ በመጀመሪያው ውል ላይ ስላልፈረሙ አያገባቸውም፤ እኩሌታው ሀብት የርሳቸው ነው፤ ሰውዬው ከእርሱ ላይ አንድ ሳንቲም አያገኝም» ብለው ነበር። በሕጋችን ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አለመሆኗ፣ ነገር ግን በጋብቻ ካፈሩት የጋራ ሀብት እኩሌታው የራሷ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ከባልና ከሚስት አንዱ ለትዳሩ ጥቅም የተበደረው ዕዳ የሁለቱም የአንድነት ዕዳ እንዲሆን ይደነግጋል። አጎቴ የተበደሩት እህል ሊገዙበት ነው፤ በእህሉም ትርፍ ቤቱ በልቶበታል፤ ልጆች ተምረውበታል። ስለዚህ እትዬን «ፊርማዎ የለበትም» ብዬ ማጽናናት ሐሰት ይሆንብኝ ነበር። ብድሩ እውነት ከሆነ ከጋራው ሀብት እንደሚከፈል፣ እውነት መሆኑ ግን በዋናው ወረቀት እንደሚታይ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «እውነት ከሆነማ ይከፈል፤ እኔ የምፈራው እውነቱ ሳይታወቅ መክፈልን ነው» አሉኝ።

ሰውዬው አርባውን አልጠበቀም። ጎረምሶቹ በየማለዳው በሱቁ ደጃፍ እየቆሙ ለመጣው ገዢ ሁሉ «ይህ ሱቅ ተይዟል» ይሉ ጀመር። ከዚህም የባሰው፣ በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራውን የአጎቴን የመጀመሪያ ልጅ የስልክ ቍጥር ከማን እንዳገኘው እንጃ፣ ሌሊት ሌሊት እየደወለ «አባትሽ በውግዘት ሊያዝ ነው» ይላት ነበር። ልጅቱ አባቷን ሳትቀብር የቀረች ናትና የሁለት ዓመት ደመወዟን ልትልክ ተነሣች። በስልክ ሳናግራት ብዙ አልቅሳለች። የአባቷ ዕዳ ከአባቷ ሀብት እንደሚከፈልና የርሷ ደመወዝ የአባቷ ሀብት እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ካስረዳኋት በኋላ፣ መላክ ከፈለገች ለሙት ዓመቱ የሚሆን ጥቂት ለእናቷ እንድትልክ ተስማማን። በማግሥቱም ከዕድራችን ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስለ ጎረምሶቹ አመለከትሁ፤ ተጠርተው ቃላቸውን ከሰጡ ወዲህ በሱቁ ደጃፍ አልታዩም። ገንዘብ ያለው ሰው በፍርድ ቤት ይጠይቃል እንጂ ሰው በደጃፍ አያቆምም።

በጥንት ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው ይውሉ እንደ ነበር፣ ይህም «ቁራኛ» ይባል እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ያ ሥርዓት ከባድ ቢሆንም አንድ መልካም ነገር ነበረው ብዬ አስባለሁ፤ ባለገንዘቡ ራሱ ታስሮ ስለሚውል በከንቱ ነገር ለመክሰስ አይቸኩልም ነበር።

ከወራሾቹ ስምምነት በኋላ ፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማስረጃ ሰጠን፤ እኔንም ውርስ አጣሪ አድርጎ ሾመኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ በሱቁና በመጋዘኑ ያለውን መቍጠር ነበር። በዚህ ጊዜ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የነቢዩ ኤልሳዕና የዚያች ባልቴት ታሪክ ትዝ አለኝ። ባሏ ዕዳ ትቶባት ሞቶ ባለገንዘቡ ሁለት ልጆቿን ባሮች ሊያደርግ በመጣባት ጊዜ፣ ነቢዩ ባለገንዘቡን አልረገመውም፤ ልጆቿንም ስጪው አላላትም። አስቀድሞ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳለ ነው። ዘይቱም ከበዛላት በኋላ ሸጣ መጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ይህን ታሪክ ስለ ተአምሩ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ ስለ ቈጠራው ግን ውርስ ማጣራት ከጀመርሁ ወዲህ ነው ልብ ያልሁት።

በእኛም ቤት ያለው ተቈጠረ። በመጋዘኑ 46 ኩንታል እህል ተገኘ፤ ኩንታሉ በ2,700 ብር ሒሳብ ተሸጦ 124,200 ብር ሆነ። በባንክ 31,500 ብር ነበር። ደብተሩም ላይ ቸርቻሪዎች ለአጎቴ ያልከፈሉት 61,000 ብር ተጽፎ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከአጎቴ ገንዘብ አለኝ የሚለው ሁሉ ሳይጠራ ሲመጣ፣ የአጎቴ ገንዘብ አለብኝ ብሎ በገዛ ፈቃዱ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። እርሱም ከሽሮ ሜዳ በኩል የምትገኝ አንዲት ትንሽ ሱቅ ያለችው ወጣት ሲሆን፣ 4,000 ብሩን በፖስታ አድርጎ ለእትዬ ሰጥቶ ሄደ። የቀሩትን እየዞርሁ በመጠየቅ በጠቅላላው 38,000 ብር ሰበሰብሁ። እንግዲህ በእጃችን ያለው ገንዘብ 193,700 ብር ሆነ።

የዕቁቡ ሰዎች ነገር ቀላል ነበር። አጎቴ በየሳምንቱ 2,000 ብር በሚጣልበት የነጋዴዎች ዕቁብ ውስጥ ዕጣቸው ቀድሞ ወጥቶላቸው ገንዘቡን ተቀብለው ነበር፤ የቀራቸውም የ14 ሳምንት መዋጮ፣ ማለትም 28,000 ብር ነው። ዳኛውና ጸሐፊው ከአርባው በኋላ መዝገባቸውን ይዘው መጡና የአጎቴን ፊርማ አሳዩን። በዕቁብ ሕግ ይህ ባይከፈል ዋስ የሆነው ጎረቤት ይከፍል ነበርና፣ የአንድ ሰው ሞት ሌላውን ቤት እንዳያናጋ በማለት በዚያው ሳምንት ከፈልን። ደረሰኝም ጻፉልን።

የአንድ ቍጠባና ብድር ማኅበር ነገር ግን የሚያስገርም ሆነ። አጎቴ ከዚያ ተበድረው 60,000 ብር ያህል ይቀራቸው ነበር፤ ማኅበሩም ለእትዬ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። የብድሩን ውል ቅጂ ጠይቄ ሳነበው፣ ተበዳሪው ቢሞት ቀሪው ዕዳ በመድን እንዲሸፈን አጎቴ ከብድሩ ላይ አስቀድመው መቈረጣቸውን አየሁ። የሞት ምስክር ወረቀት ይዤ ሄድሁ፤ ከሁለት ወር ምልልስ በኋላም ዕዳው ተሰረዘ። ደብዳቤውን የጻፈው ጸሐፊ ይህን አያውቅም ነበር ለማለት ይከብደኛል፤ ካልጠየቁት ግን አይናገርም። ስለዚህ ሟቹ ከባንክም ሆነ ከማኅበር ተበድሮ እንደ ሆነ፣ ከመክፈል በፊት ለብድሩ የሕይወት መድን ተገብቶለት እንደ ሆነ መጠየቅ የአጣሪው ግዴታ ነው።

እንዲሁም ያ ባለገንዘብ ዕድሩ ለቤተ ሰቡ የሰጠውን ገንዘብ ሳይቀር «ከርሱ ይከፈለኝ» ብሎ ነበር። የዕድር ገንዘብ ሟቹ ያስቀመጠው ሀብት ሳይሆን ለኀዘንተኛው የሚሰጥ መደገፊያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቍጥር 828፣ በሰው ሞት ምክንያት ለዘመዶቹ ወይም ለትዳር ጓደኛው የሚከፈል ጡረታና ካሣ ከውርሱ ሀብት ውስጥ እንደማይገባ ይናገራል። ይህን ሳነብለት ዝም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ወረቀት ልመለስ። ሰውዬው በፎቶ ኮፒው ብዙ ጊዜ ሊያልፍ ሞከረ። እኔም ሕጉ በቍጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እመንታ ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ፣ ጽሑፉ ደግሞ ዋናው መሆን እንዳለበት እየነገርሁ ጠበቅሁት። በመጨረሻም በየካቲት ወር በሽማግሌዎች ፊት ዋናውን አቀረበ። ፊርማው በእውነት የአጎቴ ነበር፤ ሁለቱም ምስክሮች በሕይወት ነበሩ፤ ብድሩንም አልካዱም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ቢያየው ግን ሁለት መስመር ተጽፎበት ተገኘ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. 40,000 ብር፣ በነሐሴ 30,000 ብር መቀበሉን ሰውዬው ራሱ ጽፎ ፈርሞበታል። ፎቶ ኮፒው የፊቱ ገጽ ብቻ ነበር። በአጎቴም ደብተር ላይ እነዚሁ ሁለት ቀኖች ከነገንዘባቸው ተመዝግበዋል።

ሰውዬው «ያ ወለዱ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት ስለ ወለድ አንድ ቃል አልነበረበትም። በሕጉ ደግሞ በውል ያልተነገረ ወለድ አይጠየቅም፤ እንዲህ ባለው የሰው ለሰው ብድር ቢነገርም እንኳ በዓመት ከመቶ 12 ማለፍ አይፈቀድም። በሰባት ወር ውስጥ በ180,000 ብር ላይ 70,000 ብር ወለድ ማለት ግን አራጣ ነው፤ አራጣ ደግሞ በወንጀል የሚያስቀጣ ነውና ሰውዬው ነገሩን ለመግፋት አልፈለገም። ቀሪው 110,000 ብር መሆኑን አመነ። እኛም እንደ ዕዳ የሚገባውን ያህል አምነን ተቀበልን፤ ከዚያ ላይ አንድ ብር እንዲቀነስልን አልለመንም።

ደብተሩን ሳገላብጥ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነበር። በመጨረሻው ገጽ፣ አጎቴ ከመሞታቸው ከዘጠኝ ቀን በፊት በሆነ ቀን፣ ከበቾ የሚመጣ አንድ ገበሬ 8 ኩንታል ጤፍ ኩንታሉን በ2,600 ብር ሒሳብ እንዳስረከበና 20,800 ብር እንዳልተከፈለው ተጽፏል። ይህ ገበሬ ወረቀት አልነበረውም። በአርባው ዕለት መጥቶ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ጋቢውን እንደ ለበሰ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጥቂት እንጀራ ቀምሶ፣ ለእትዬ «እግዜር ያጥናዎ» ብሎ ሄደ። ስለ ገንዘቡ ቃል አልተነፈሰም።

ከዘመዶቻችን አንዱ ይህን ሲሰማ በጆሮዬ «ያልጠየቀ ሰው ምን ይፈለጋል? ገጹ አንድ ነው፤ እዚያው ይቅር» አለኝ። ከሰውነት አንጻር ነገሩ የማይገባ አልነበረም፤ በዚያን ሰዓት ሒሳቡ ጠባብ ነበርና። የዕቁቡ 28,000፣ የባለገንዘቡ 110,000፣ የቀብሩ ወጪ ከዕድሩ የተረፈው 9,000 ሲወጣ 46,700 ብር ይቀራል፤ ትንሹ ልጅ ገና አሥረኛ ክፍል ነው፤ ሱቁም ባዶ ነው። ደብተሩን ያየን ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። እኔ አጣሪ ስለ ሆንሁ ዕዳውን ከመዝገብ ማውጣት እንደማልችል ነገርሁት። ነገር ግን እትዬ ይህን ከማድቤቱ ሰምተው ኖሮ መጥተው ደብተሩን ከእጄ ወሰዱና ገጹን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይህ የርሳቸው ኑዛዜ ነው፤ ከዚያኛው ወረቀት ይልቅ ይህን አምናለሁ» አሉ።

የቀረው የተዝካሩ ነገር ነበር። የአጎቴ ወንድሞች በአርባው ትልቅ ድግስ እንዲደገስ፣ ገንዘብ ቢጐድልም እንዲበደሩለት ፈልገው ነበር። በሕጉ ቍጥር 1014 መሠረት ከውርሱ አስቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ከዚያ የማስተዳደሪያና የማጣሪያ ወጪ፣ ቀጥሎ የሟቹ ዕዳ ይከተላል፤ ተዝካር ግን ከቀብር ወጪ ውስጥ አይገባም። ይህን ሕግ ብነግራቸው ኖሮ ወንድሞቹ ይቀየሙኝ ነበር። የንስሐ አባታቸው ግን ለወንድሞቹ በሰው ገንዘብ የተደገሰ ድግስ ለወንድማቸው እንደማይደርስ፣ ይልቁንም ቅዳሴና ፍትሐቱ ሳይጓደል ጥቂት ነዳያን በንፍሮና በዳቦ ቢበሉ እንደሚበቃ ነገሯቸው። በአርባው እንዲሁ ሆነ። በሰፈሩ ውስጥ «እንዴት ያለ ሰው እንዲህ ያለ ተዝካር ወጣለት» ያሉ አልጠፉም። ይህን ቃል መስማት ለእትዬ ከባለገንዘቡ ዛቻ ይልቅ ከብዷቸው እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ሆኖም መልስ አልሰጡም።

በመጋቢት ወር ለባለገንዘቡ 110,000 ብሩ በሽማግሌዎች ፊት ተቈጠረለት። «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» ብሎ በዋናው ወረቀት ላይ እንዲጽፍ፣ ሁለት ምስክሮችም እንዲፈርሙ አደረግን፤ ዋናውንም ወረቀት ተቀበልነው። ከፍለው ደረሰኝ የማይቀበሉ ሰዎችን ብዙ አይቻለሁና በዚህ ላይ ቸል እንዳይባል እመክራለሁ፤ ወረቀቱ በባለገንዘቡ እጅ ከቀረ ነገ በልጁ እጅ ተመልሶ ይመጣል። ለገበሬው እኔ ራሴ ወደ በቾ ወርጄ 20,800 ብሩን ሰጠሁት። ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ደብተሩን እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ቢሆንም የአጎቴን ጽሕፈት ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ በኋላ ቈጥሮ ተቀበለ።

ከሁሉም በኋላ የተረፈው 25,900 ብር ነበር፤ እትዬ በዚያ ሱቁን ከፈቱት። ቤቱም በእጃቸው ቀረ። በሰኔ ወር ያ ገበሬ 5 ኩንታል ጤፍ በዱቤ አምጥቶ አራገፈላቸው። ደብተሩ ዛሬም በዚያው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያልተሰበሰበው የ23,000 ብር ዕዳ ከነባለዕዳዎቹ ስም በውስጡ አለ። አንድ ቀን እነዚህን ገጾች ቀድደን እንጣላቸው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ተዋቸው፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ የሞተ እንደ ሆነ ልጆቹ መጥተው ይጠይቁን ይሆናል» አሉኝ።